መሳቢያው ይቅደም፦ ባለ መሳቢያ የቆዳ ሳጥን በእጅ መስፋት

ቆዳ መስፋት የለመደ ሰው ከቦርሳና ከቀበቶ ቀጥሎ ሳጥን ያምረዋል። መሳቢያ ያለው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህን ሥራ እንደምሠራ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ "ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ከመሳቢያው ጀምሩ እላለሁ። ሳጥኑን ጨርሶ መሳቢያውን በኋላ ልኩን ለማምጣት መታገል ከባድ ነው። መሳቢያውን ቀድሞ ሰፍቶ ሳጥኑን በላዩ ላይ ማልበስ ግን ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንጨት ትንሽ ቢጠብ ተላግቶ ይስተካከላል። ቆዳ ግን ፊቱ አንዴ ከተፋቀ ተበላሸ ማለት ነው። በዚያ ላይ ገበሩም፣ ሙጫውም፣ ክሩም ውፍረት ይጨምራሉ። በወረቀት ላይ ያሰላችሁት መሳቢያና ተሰፍቶ ያለቀው መሳቢያ በአንድ ሚሊሜትር ቢለያዩ አይግረማችሁ። አንድ ሚሊሜትር ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። መሳቢያው ሸርተት ብሎ የሚገባውም፣ ተቀርቅሮ የሚቀረውም በእሷ ነው።

እዚህ የምነግራችሁ ሳጥን ከላይ ክዳን ያለው፣ ከታች አንድ መሳቢያ ያለው ነው። ቁጥሮቹን እንደ ምሳሌ ያዙዋቸው። መሳቢያው ከውጭ ሲለካ ወርዱ 180፣ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ 120፣ ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ይሁን።

መጀመሪያ ስለ ቆዳው። ለሳጥን የሚሆነው በዕፅዋት ታኒን የለፋ ቆዳ ነው። ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል በሚወጣ ታኒን የለፋ ቆዳ ጠንከር ይላል። ሲቆረጥ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲረጥብ ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋው ለጃኬትና ለለስላሳ ቦርሳ ግሩም ነው፤ ግድግዳ ሆኖ ግን አይቆምም። ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ። ቀለም ያልተነከረ የዕፅዋት ቆዳ እስከ መሀሉ ቡኒ ነው። ክሮም ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይመታል። የውሃ ጠብታም ጣል አድርጉበት። ያልተቀባ የዕፅዋት ቆዳ ውሃውን ቶሎ ጠጥቶ ይጠቁራል።

ከአንድ ቆዳም ቢሆን ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከጀርባው የተቆረጠው ጥቅጥቅ ያለና የማይለጠጥ ነው። የሆዱ ክፍል ይላላል፣ ይሳባል። የሳጥኑንና የመሳቢያውን ግድግዳ ከጀርባው አውጡ። ከሆዱ የተረፈውን ለሙከራ ስፌት አስቀምጡት። ለመሳቢያው 2 ሚሊሜትር ቆዳ ከ1 ሚሊሜትር ገበር ጋር እጠቀማለሁ። አንድ ላይ 3 ይመጣል። ለሳጥኑ ደግሞ 3 ሚሊሜትር ቆዳና 0.8 ሚሊሜትር ገበር። አንዳንዶች በመሀል ካርቶን ወይም ስስ እንጨት ይከታሉ። እኔ አልወደውም። ጥሩ ቆዳ ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ እድሜውም ይረዝማል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ስለታም ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ (ስኳድራ)፣ ኮምፓስ፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት እኩል የሚያስቀምጥ ጥርስ ያለው መምቻ፣ ወስፌ፣ ጫፋቸው ደንዘዝ ያሉ ሁለት መርፌዎች፣ ሰም የጠጣ የተልባ እግር ክር። ከነዚህ ውስጥ አንዱን አሳምሩ ብባል ወስፌውን እላለሁ። የወስፌው ምላጭ ከጫፉ በኩል ሲታይ ዳይመንድ ቅርጽ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ስፌቱ ዘንበል ብሎ የሚያምረው በሱ ነው። ስለቱን በየጊዜው በቆዳ ቁራጭ ላይ ወልውሉት። የደነዘዘ ወስፌ ቆዳውን ከመብሳት ይልቅ ይገፋል፤ ስትገፉት ደግሞ አቅጣጫውን ይስታል። በዚህ ሳጥን ላይ አቅጣጫ ሁሉ ነገር ነው፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

የሳጥን ማዕዘን ሁለት ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ የሚገናኙበት ነው። ሁለቱንም ጠርዞች በ45 ዲግሪ ሰያፍ ከቆረጣችኋቸው ገጥመው አንድ ጥርት ያለ ማዕዘን ይሆናሉ። ቀዳዳው ከአንደኛው ግድግዳ ፊት ይገባል፣ በሰያፉ መሀል አልፎ በሌላኛው ግድግዳ ፊት ይወጣል። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ወስፌውን ከማዕዘኑ 3 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ በ45 ዲግሪ ስትወጉ በትክክል በሰያፉ መሀል ይወጣል። ሌላኛው ወገንም እንደዚያው። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። ደንቡ ይኼው ነው፤ ከማዕዘኑ የምትርቁት በቆዳው ውፍረት ልክ ነው። በጣም ወደ ጠርዙ ከቀረባችሁ ክሩ ሲጠብቅ ቆዳውን ይቀደዋል። በጣም ከራቃችሁ ደግሞ ወስፌው ወደ ውስጠኛው ገበር ብቅ ይላል።

የዚህ አሰፋፍ ትልቁ ጥቅም መርፌው ወደ ሳጥኑ ውስጥ በፍጹም አለመግባቱ ነው። ሁሉም ነገር የሚሰፋው ከውጭ ነው። ውስጡ ምንም ክር የማይታይበት ንጹህ ገበር ሆኖ ይቀራል። የተለመደው የስፌት ማሽን ይህን ማዕዘን ሊሰፋው አይችልም። መርፌው ወርዶ ከታች ካለው ክር ጋር መያያዝ ስላለበት በዚህ ሰያፍ መስመር መሄጃ የለውም። እጅ ግን ይሄዳል።

ሰያፉን ስትቆርጡ የላይኛውን ፊት አትንኩት። ካተሩ ከሥጋው ወገን (ከቆዳው የውስጥ ገጽ) ተነስቶ ልክ የፊቱ ቆዳ ላይ ሲደርስ ማለቅ አለበት። አንድ የእንጨት ቁራጭ በ45 ዲግሪ አስቆርጡና ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉበት። ከካተሩ በኋላ ጠርዙን በሱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስታንሸራትቱት ሰያፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሆናል። ይህች ቁራጭ ርካሽ ናት፤ ጥቅሟ ግን ቀላል አይደለም። ገበሩን ሰያፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ለጥፉ። ገበርና ቆዳ አብረው ሲቆረጡ ማዕዘኑ ከውስጥም ይገጥማል።

የመሳቢያው ፊት ላይ እጀታ ካለ ከገበሩ በፊት ስፉት። እኔ ከራሱ ቆዳ የተቆረጠች ትንሽ ምላስ አደርጋለሁ። ስፌቷ ከኋላ በገበሩ ይሸፈናል። ገበሩ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ ግን የክሩ ጀርባ መሳቢያው ውስጥ ሁልጊዜ ይታያል።

አሁን ቅርጽ መያዣ ያስፈልጋችኋል። በመሳቢያው የውስጥ ልክ፣ ማለትም 174 በ114 በ47 ሚሊሜትር፣ አንድ የእንጨት ብሎክ አዘጋጁ። ቁጥሩ የመጣው ከወርዱና ከጥልቀቱ የሁለት ግድግዳ ውፍረት፣ ከቁመቱ ደግሞ የወለሉን ውፍረት በመቀነስ ነው። ብሎኩን በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሙጫ እንዳይዘው። አራቱን ግድግዳዎችና ወለሉን በሱ ዙሪያ ስታቆሙ ማዕዘኖቹ ራሳቸው ይገጥማሉ። መርፌው ውስጥ ስለማይገባ ብሎኩ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል። የምትሰፉት ነገር ከእጃችሁ ሥር አይጨማደድም፣ አይጣመምም።

ለማጣበቅ ሁለት ዓይነት ሙጫ እጠቀማለሁ። ገበሩን በማስቲሽ። በሁለቱም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ግጠሙት። መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ለጤና ጥሩ አይደለም። ማዕዘኖቹን ግን በኮላ። ማስቲሽ አንዴ ከያዘ አያላውስም፤ ኮላ ለጥቂት ደቂቃ ወዲህና ወዲያ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ማዕዘን ላይ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ታስፈልጋችኋለች። ኮላው ሲደርቅ እንዲይዝ ጎማ ወይም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ተጠቀሙ። ባዶ ብረት እርጥብ ቆዳ ላይ አታሳርፉ። ብረትና ታኒን ሲገናኙ ጥቁር እድፍ ይሠራሉ፤ እድፉ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ቀዳዳዎቹን ከመገጣጠሙ በፊት፣ ቆዳው ጠፍጣፋ ሳለ ምልክት አድርጉባቸው። 4 ሚሊሜትር ርቀት ለዚህ መጠን ይስማማል። በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ የቀዳዳው ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ቆጠራውም ከአንድ ጫፍ፣ ከታች፣ ይጀምር። ቁመቱ 50 በሆነው ማዕዘን ላይ ከታች 6 ሚሊሜትር ትታችሁ ጀምሩ፣ 11 ቀዳዳ ምቱ፣ ከላይ 4 ይተርፋል። የታችኛው 6 ሚሊሜትር በከንቱ አይደለም። እዚያ ጋ ሦስት ስፌቶች ይገናኛሉ፤ የቁሙ አንድ፣ የወለሉ ሁለት። ቀዳዳዎቻቸው ከተጠጋጉ ማዕዘኑ ይሳሳል።

በነዚህ ምልክቶች መስመር ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። የመሳቢያው ጎንና ሥር ከሳጥኑ ጋር የሚፋተጉ ቦታዎች ናቸው። ክሩ ከቆዳው ፊት በላይ ጉብ ብሎ ከተቀመጠ በየጊዜው ይፋጫል፤ መሳቢያውም ይንጓጓል። ስለዚህ ከመምታታችሁ በፊት በስፌቱ መስመር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆን ጠባብ ቦይ አውጡ። ክሩ በቦዩ ውስጥ ይተኛል። ከተሰፋ በኋላ በለስላሳ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ደብድቡት። እጃችሁን ስታሳልፉበት ክሩ የማይታወቅ ከሆነ ጨርሳችኋል።

ስፌቱ ሁለት መርፌና አንድ ክር ነው። ከክሩ ጫፍና ጫፍ መርፌ ይታሰራል። ክሩን ራሱን በመርፌው ወጋ አድርጋችሁ ብትስቡት ይቆለፋል፤ አያመልጥም። የመጀመሪያው መርፌ በቀዳዳው ያልፋል፣ ሁለተኛው በዚያው ቀዳዳ ከወዲያ ወደ ወዲህ ይመጣል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ክር ይይዛል። የማሽን ስፌት አንድ ቦታ ከተቆረጠ መተርተር ይጀምራል። ይሄኛው ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላኛው ይይዛል። ለ0.8 ሚሊሜትር ክር የስፌቱን ርዝመት አምስት እጥፍ ቁረጡ። አጭር ማዕዘን ከሆነ ግን ይህን ስሌት ተዉትና ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይኑራችሁ፤ እጅ የሚይዘው ክር ካጣ ስፌቱ አይጠብቅም።

የስፌት ውበት ከጉልበት አይመጣም፤ ሁሌም አንድ ዓይነት በማድረግ ነው የሚመጣው። በቀኝ መርፌ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው ቀኙ ይቅደም። ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ክር በላይ ካለፈ ሁሌም በላይ ይለፍ። ሁለተኛውን ስታስገቡ የመጀመሪያውን ክር ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ያዙት። አለዚያ መርፌው ክሩን ሰንጥቆት ያልፋል፣ ስፌቱም ይታነቃል። በሁለቱም እጅ እኩል ሳቡ፤ ቆዳው እስኪገጥም እንጂ እስኪሸበሸብ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመለሱና ክሩን ከሥሩ ቁረጡ። የፖሊስተር ክር ከሆነ ጫፉን በእሳት ማቅለጥ ይቻላል። የተልባ እግር ክር ግን አይቀልጥም፤ ይነዳል። እሳት አታስጠጉት።

መሳቢያው ሲያልቅ ብሎኩን አውጡና ለኩት። ያሰባችሁት 180 ምናልባት 181 ሆኖ ይሆናል። ምንም አይደለም። ሳጥኑ ገና አልተቆረጠም።

እዚህ ጋ የምወደው ዘዴ ይመጣል። ተራ የማተሚያ ወረቀት አንዱ ቅጠል ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው። የመሳቢያውን ሁለት ጎኖችና አናቱን በስምንት ቅጠል ወረቀት ደራርባችሁ አልብሱት። በየጎኑ 0.8 ሚሊሜትር ክፍተት አገኛችሁ ማለት ነው። ሥሩን አታልብሱት፤ እሱ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ለቆዳ መሳቢያ ይህ ክፍተት ይበቃል። ቆዳ እርጥበት ባለበት አየር ትንሽ ያብጣል፤ ከዚህ ካነሰ ያኔ ይቀረቀራል። ከዚህ በጣም ከበዛ ደግሞ መሳቢያው ወደ ጎን እየዞረ ይይዛል። ሰው ጠባብ መሳቢያን ይፈራል። እኔ ግን ሰፊውን ይበልጥ እጠላዋለሁ፤ የጠበበውን በሰም ታሳልጡታላችሁ፣ የሰፋውን ምንም አታደርጉትም።

ወረቀት የለበሰው መሳቢያ አሁን ለሳጥኑ ብሎክ ሆነ። የሳጥኑ የውስጥ ወርድ እሱ ነው። ውጩን ለማግኘት የሁለት ግድግዳ ውፍረት ጨምሩ። በ180 ከሄድን 1.6 ለክፍተቱ፣ 7.6 ለግድግዳዎቹ፤ 189.2 ሚሊሜትር ይመጣል። ከኋላ ግድግዳው የውስጥ ፊት እስከ ሳጥኑ የፊት ጠርዝ ያለው ጥልቀት ግን ልክ የመሳቢያው 120 ይሁን። መሳቢያው ሲዘጋ የኋላ ግድግዳ ያቆመዋል፣ ፊቱም ከሳጥኑ ፊት ጋር እኩል ይሆናል። ሌላ ማቆሚያ አያስፈልግም።

ሳጥኑን ከመግጠማችሁ በፊት ግድግዳዎቹ ጠፍጣፋ ሳሉ የሚሰፉ ነገሮች አሉ። ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ጻፉትና ፊታችሁ አስቀምጡ። ከተገጠመ በኋላ እጅ አይደርስባቸውም።

የመጀመሪያው መደገፊያው ነው። የላይኛው ክፍል ወለል የሚያርፍበት ነገር ያስፈልጋል። 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ጥብጣብ ቆርጣችሁ በሁለቱ ጎኖችና በኋላው ግድግዳ ከውስጥ በኩል ስፉ፤ ልክ ወረቀት ከለበሰው መሳቢያ አናት በላይ። ስፌቱ ከውጭ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ለጌጥም ይሆናል። የመካከለኛው ወለል በኋላ ከላይ ወርዶ እነዚህ ጥብጣቦች ላይ ያርፋል፣ በሙጫም ይያዛል። ጥብጣቦቹ ሌላ ሥራም አላቸው። መሳቢያው ብዙ ሲሳብ ፊቱ ወደ ታች ይዘነብላል፣ ኋላው ወደ ላይ ይነሳል። ጥብጣቡ ከላይ ሆኖ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የክዳኑ ማጠፊያ ነው። 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ ቆዳ በኋላው ግድግዳ አናት ላይ ከውጭ ይሰፋል። ክዳኑ ላይ የሚሰፋው ጫፍ እስከ መጨረሻው ይቆይ።

ሦስተኛው ስፌት ሳይሆን ቀዳዳ ነው። በኋላው ግድግዳ ላይ፣ ከመሳቢያው ትይዩ፣ 5 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ብሱ። ልኩን የጠበቀ መሳቢያ ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ሲሳብ ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀዳዳው አየሩን ያስወጣዋል። መሳቢያው አንድ ቀን ቢቀረቀር እንኳ በዚያ በኩል በእርሳስ ገፋ ማድረግ ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መሳቢያው ላይ እንዳደረጋችሁት ነው። ግድግዳው አሁን 3.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ስፌቱ ከማዕዘኑ 4 ሚሊሜትር ገደማ ይግባ። የፊት ግድግዳው አጭር ነው፤ ከላይ ጀምሮ ጥብጣቡን ሸፍኖ የመሳቢያው በር ላይ ያልቃል። መሳቢያው ኮላው እስኪደርቅ ውስጥ ይቆይ። ወረቀቱን ከነመሳቢያው በፕላስቲክ መሸፈን አትርሱ። ለማድረቅ ፀሐይም ማሞቂያም አትጠቀሙ። ፈጥኖ የደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። እስከ ማግስቱ ተዉት።

ለክዳኑ ሁለት ባለ 2 ሚሊሜትር ቆዳዎችን በሥጋው ወገን አጣብቁ። ሁለቱም ፊት ወደ ውጭ ሲሆን አንዱ ለመጣመም ሲስብ ሌላው በተቃራኒው ይስባል፤ ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ከፊት ለፊት 2 ሚሊሜትር ተርፎ ይውጣ፤ ጣት የሚይዘው እሱን ነው። ዙሪያውን ስፉና ማጠፊያውን አያይዙት።

ሰያፍ ማዕዘን የተቆረጠ ጠርዝ አያሳይም። የሚታዩት የክዳኑ ዙሪያ፣ የመሳቢያው አፍና የበሩ ዳር ብቻ ናቸው። እነዚህን በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 240 ጀምራችሁ በ400 አልፋችሁ እስከ 600 አለስልሱ። ትንሽ ውሃ አስነኩና በወፍራም የሸራ ጨርቅ ወይም በለስላሳ እንጨት እሹት። ሙቀት እስኪሰማችሁ ድረስ እሹት፤ ቆዳው የሚያብረቀርቀው ያኔ ነው። ሰም ቀብታችሁ ድገሙት። እኔ እዚህ ላይ ጊዜ አልቆጥብም። ሰው ሳጥን ሲያነሳ ጣቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አውልቃችሁ መሳቢያውን ሞክሩት። ያዝ የሚያደርግ ቦታ ካለ በግምት አትፈልጉ። የመሳቢያውን ጎኖች በጠመኔ በስሱ ቀብታችሁ አስገቡና አውጡ። ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ የሚፋተገው ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጉብ ያለ ስፌት ይሆናል፤ በመዶሻ አስተኙት። ከዚያ ጠመኔውን ጥረጉና የመሳቢያውን ሥርና የሳጥኑን ወለል ደረቅ ሰም አሹ። ዘይት አትቀቡ። ዘይት ቆዳውን ያላላዋል፤ የላላ ጎን ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል። ለውጩ ስስ የሰም ቅባት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።